በእንተ ነቢር፦ በወንበር ላይ ስለሚውል ሰው ጀርባና አንገት



ስለ ሥራ ድካም በሚነገርበት ጊዜ የገበሬው፣ የተሸካሚውና የግንበኛው ድካም አስቀድሞ ይነሣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጧት እስከ ማታ ከጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የሚጽፈውና የሚደምረው ሰው፣ ላብ ሳያልበው ስለሚውል ብቻ እንዳልደከመ ተቆጥሮ፣ ወገቡ ሲያዝና አንገቱ አልዞር ሲለው ሕመሙን እንደ ነውር እየሸሸገ ይኖራል። የዛሬው ዲስኩሬ ስለዚህ ሰው ነው። አሳቤም ይህ ነው፤ የዚህን ሰው ጀርባ የሚጎዳው መቀመጡ ሳይሆን ሳይንቀሳቀስ መቀመጡ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ እንዲቀመጥ የሚያስገድደውም ከወንበሩ ይልቅ ስለ ወንበር ያለን የቆየ አስተያየት ነው።

ያለንበት የጋሞ ምድር ተቀምጦ ለሚሠራ ሥራ እንግዳ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ወጥቶ ዶርዜ የደረሰ ሰው፣ ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ሲረግጥ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሰድና ማጉን እየመታ ሲያጠብቅ ያየዋል። ይኸው እጅ ነው ወደ አዲስ አበባ ተሻግሮ ሽሮ ሜዳን የሸማ አገር ያደረጋት። ሸማኔም ወገቡን ያመዋል፤ ሙያውን ከሕመም ነጻ እንደ ሆነ አድርጎ ማመስገን ሐሰት ይሆናል። ሆኖም እግሩ፣ ክንዱና ትከሻው አይቦዝኑም፤ ድሩን በሚያደራበትም ጊዜ ከችካል ወደ ችካል ሲመላለስ ይውላል። የጸሐፊው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሩ ከጠረጴዛው ላይ ዝቅ ብሎ ተዘርግቶ፣ ክላሰሩ በግራ ክንዱ በኩል ተከምሮ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ተጠግቶ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰቅሎ፣ ከመላ አካሉ የሚሠሩት ዓይኖቹና ጣቶቹ ብቻ ናቸው።

የዚህ ዓይነት ሠራተኛ በከተማችን በአርባ ምንጭ የበዛው በቅርብ ዘመን ነው። የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ተከተሉ፤ በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ደግሞ የጽሕፈት ቤቱም የጸሐፊውም ቁጥር ጨመረ። በከተማው ሰፈሮች በሲቀላና በሴቻ መካከል ያለውን ዳገት ቀድሞ በእግሩ ይወጣ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ በባጃጅ ተቀምጦ ሄዶ፣ በወንበር ተቀምጦ ውሎ፣ በባጃጅ ተቀምጦ ይመለሳል።

ሕመሙ ግን የኮምፒዩተር ዘመን ልጅ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው የሞዴና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች ደዌ ታላቅ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በ1713 ባሳተመው ሁለተኛ እትም ላይ ስለ ጸሐፍት ምዕራፍ ጨምሮ፣ የደዌአቸውን ምክንያት ሦስት አድርጎ ገለጸ፤ ይኸውም ዘወትር መቀመጥ፣ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱም በመስጋት አእምሮን ማስጨነቅ ነው። ሦስተኛውን እባካችሁ ልብ በሉት። የበጀት መዝጊያ በደረሰ ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛው ትከሻ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረው ከቀን መርዘም የተነሣ ብቻ አይደለምና።

አሁን ወደ አካላችን ሥሪት እንግባ። አከርካሪያችን በአንገት 7፣ በደረት በኩል 12፣ በወገብ 5 አጥንቶች አሉት፤ ከነዚህም በታች ተጋጥመው አንድ የሆኑ አጥንቶች ይገኛሉ። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ በጎለመሰ ሰው ዘንድ የራሱ የደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው በአካባቢው ካለው ፈሳሽ እየመጠጠ ነው፤ ለዚህም ጫናው እየተፈራረቀ መጨመሩና መቀነሱ ይረዳዋል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ለአከርካሪ ቀለብ ነው። የሰው ራስ ክብደት ወደ 5 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም አጥንት ይሸከመዋል፤ አንገት ወደ ፊት ባዘነበለ መጠን ግን ሸክሙ ወደ ኋላ ጅማትና ጡንቻ ይዞራል፤ ያው ጡንቻ ለሰዓታት ሳይፈታ ቢቆይ በማግሥቱ አንገት ደርቆ ይገኛል። በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ሲያገኘው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ በአርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ እንኳ ይኸው ይባላል። ብርዱን ከመክሰሳችን በፊት ጠረጴዛውን ብንመረምር ይሻላል።

ስዊድናዊው ሊቅ አልፍ ናኬምሶን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአከርካሪው ትራስ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ሰው ሲቀመጥ ከቆመበት ይልቅ ግፊቱ እንደሚበረታ አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላ በ1999 በጀርመን አገር በኡልም የተደረገው ልኬት ግን ልዩነቱ ያን ያህል እንዳልሆነ አሳየ። ይህን የማነሣው መቀመጥን ኃጢአት አድርገው የሚሰብኩ በዝተዋልና ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥም ቢሆን ለሦስት ሰዓት ሳይለወጥ ከቀጠለ ያደክማል። ማኅሌት የሚቆሙት አባቶች እንኳ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ አቋም አይደርቁም፤ መቋሚያ አላቸው፤ ይደገፋሉ፤ ያሸበሽባሉ፤ ይሰግዳሉ።

እንግዲህ ሠራተኛው ለምን አይነሣም? ቢሉ፣ ምክንያቱ ባህላዊ ነው እላለሁ። በአገራችን መቀመጥ የክብር፣ መቆም የአሽከር ሥርዓት ሆኖ ኖሯል። ሹም ይቀመጣል፤ ባለጉዳይ ይቆማል። ስለዚህ ወንበር ያገኘ ሰው ሳይለቀው ይውላል፤ አለቃውም ከወንበሩ ላይ የታየውን ትጉህ፣ በኮሪደር የታየውን ሰነፍ ብሎ ይፈርዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ሰዓቱ ሁሉ በመቀመጫ ላይ ይለቅ አላለም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መራመድ፤ ደብዳቤውን በተላላኪ ከመስደድ ራስ ይዞ መሄድ፤ ስልክ ሲመጣ ቆሞ ማነጋገር፤ የውኃውን ዕቃ ከእጅ አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። ኮምፒዩተሩን በወረቀት እሽግ ላይ ከፍ አድርጎ የላይኛውን ጠርዝ በዓይን ትክክል ማድረግና የመጻፊያውን ሰሌዳ ለብቻው አድርጎ ክንድን በጠረጴዛ ማሳረፍ ያስፈልጋል። እግሩ መሬት የማይደርስለት ከሥሩ ዱካ ያድርግ፤ ወገቡ ድጋፍ የሚያጣም ነጠላ አጥፎ ከጀርባው ያስገባ። የእጅ ስልክንም ወደ ዓይን ማንሣት እንጂ ዓይንን ወደ ጉልበት ማውረድ አይገባም።

የታመመስ? አልጋ መያዝ መልካም መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 በሔልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሕመሙ በፈቀደላቸው ልክ የዘወትር ተግባራቸውን የቀጠሉት ሁለት ቀን ከተኙት ፈጥነው እንደ ዳኑ አሳይቷል። ወደ ወጌሻ የሚሄድ ብዙ ነው፤ በቅቤ ወይም በዘይት ቀስ ብሎ መታሸቱን አልነቅፍም፤ አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማስጮህ ግን ወደ አንጎል የሚወጣውን የደም ሥር ሊቀድ ስለሚችል ማንም አይፍቀድ። ዲክሎፍናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየሳምንቱ መወጋትም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህልም የተለየ ደዌ ያልተገኘበት ነው። የቀረውን ግን አንናቅ። በሌሊት የሚያልብ፣ የሚከሳና የሚያተኩሰው ሰው ጀርባውን ሲያመው፣ በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም የሚበላ ስለ ሆነ፣ ወንበሩን ሳይከስስ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። እግሩ የዛለበት፣ ሽንቱ እንቢ ያለው፣ በብልቱ ዙሪያ የደነዘዘው ሰውም ለነገ ሳይል በዚያው ቀን ይታይ።

ስለ ሴቶች ሠራተኞች ለይቼ መናገር ይገባኛል። ወንዱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሲያርፍ፣ እርስዋ ከቢሮ ወጥታ ወደ ምጣድ ጎንበስ ትላለች፣ ከምጣድ ወደ ልጅ ትዞራለች፤ ጀርባዋ ከሁለቱ ሥራ ከአንዱም አያርፍም። ለእርስዋ «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መምከር ብቻውን ግፍ ነው፤ ባልዋ ውኃውን ቢቀዳና ልጁን ቢያዝል ከማናቸውም ምክር ይበልጥ ይጠቅማታል።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የምለምነው አለ። ዕቃ ሲገዛ ተሽከርካሪውና ከፍና ዝቅ የሚለው ወንበር በቀን ጥቂት ፊርማ ለሚፈርመው አለቃ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው ጸሐፊ ግን ለማንም ያልተለካ የእንጨት ወንበር ይደርሳታል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ከመግባቱ አስቀድሞ፣ የግዥ ዝርዝሩ በሚዘጋጅበት በግንቦት ወር፣ አንድ ሰው ሜትር ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዙር፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ ሲቀመጥ ክርኑ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ለክቶ ይመዝግብ፤ የሚስተካከለውም ወንበር በመጀመሪያ ብዙ ሰዓት ለሚቀመጠው ይገዛ።