የባሕሩ ክንፍና የደኑ ክንፍ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዛሬ ሁለት የአላህ (ሱ.ወ) ፍጡራንን እናነጻጽራለን። አንደኛው ማንታ ሬይ የተባለው፣ በቀይ ባሕርም የሚገኘው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ትልቁ ዝርያ ከክንፍ እስከ ክንፍ 7 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ገዝፎ ሳለ ምግቡ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ የባሕር ነፍሳት ናቸው፤ ውኃውን በስንጥቡ እያጣራ ይመገባቸዋል።

ሁለተኛው የጨርጨር ደጋ ጎረቤታችን ነው፤ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ። አካሉ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ግን መዳብ ያለበት ቀይ የክንፉ ቀለም ይገለጣል። የሾላና የጥድ ፍሬ እየበላ ዘሩን ይበትናል።

ነገሩ ይገርማል። ዓሣው በውኃ ውስጥ እንደ ወፍ ይበራል፤ ወፉ ክንፍ እያለው አብዛኛውን ጊዜ በቅርንጫፍ ላይ ይሮጣል። ሁለቱም ቶሎ አይራቡም። ማንታዋ ዓመት ያህል አርግዛ በአብዛኛው አንድ ልጅ ትወልዳለች፤ ቱራኮዋም ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ትጥላለች።

ማንታን ለስንጥቡ ሲሉ ያድኑታል። ቱራኮን ግን የሚያጠፋው ጥይት ሳይሆን መጥረቢያ ነው፤ ዛፉ ለከሰልና ለጫት ማሳ ሲቆረጥ ቤቱም ቀለቡም አብሮ ይሄዳል።

ወገኖቼ፣ ጫት የብዙ ቤት ገቢ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማሳችሁን ተዉ አልልም። በማሳችሁ ጥግ የቆመውን ሾላ ግን አትንኩት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ወፍ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። መትከሉ ሶደቃ ከሆነ፣ የሚያበላውን ዛፍ ያለ ችግር መቁረጥ ምን ሊባል ነው?