በደዌ ውስጥ ስለሚቀርብ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሀገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ እንደምን አደርህ ይባባላል፤ መልሱም እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ጤነኛውም ይህንኑ ይመልሳል፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረውም ይህንኑ ይመልሳል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን በጽኑ ደዌ የተያዘ ሰው ይህን ቃል ከልማድ አልፎ በእውነት ሊናገረው የሚችለው እንዴት ነው? የዛሬው ነገራችን ይህ ነው።

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 17 እንደ ጻፈልን፥ ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ዐሥር ለምጻሞች በሩቅ ቆመው ይምራቸው ዘንድ ጮኹ። እርሱም ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው፤ በመንገድም ሳሉ ነጹ። ከዐሥሩ አንዱ ብቻ ሊያመሰግን ተመለሰ፤ እርሱም ሳምራዊ ነበረ። አይሁድና ሳምራውያን በአንድ ማዕድ የማይተባበሩ ሕዝቦች እንደ ነበሩ እናውቃለን። ደዌ ግን አንድ አድርጓቸው ነበር፤ በአንድነት ተገለሉ፥ በአንድነትም ጮኹ። የለያያቸው ጤና ነው። (በመጽሐፍ ለምጽ የተባለው ብዙ ዓይነት የቆዳ ደዌን የሚያጠቃልል ስም ነው፤ ዛሬ ሕዝባችን ለምጽ የሚለው የቆዳን መንጣት ሲሆን፥ እጅና እግርን የሚጎዳው ደግሞ የሥጋ ደዌ ይባላል።)

በሩቅ የቆሙ ሰዎች በእኛም ከተማ ነበሩ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር። በዚያው ስፍራ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው፥ ለመላው አፍሪቃ የታሰበው የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ሕሙማን ዘመድ ጥሏቸው ከሩቅ አገር እየመጡ በዚያ ታከሙ፤ ብዙዎቹም ከታከሙ በኋላ ወደ ትውልድ መንደራቸው መመለስ ስላልሆነላቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ደዌው እርግማን ነው፥ ከዘር የሚወርድ ነው ይባል ነበርና። ይህ ሐሰት ነው። መንሥኤው ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. አግኝቶታል፤ ዛሬም በጥምር መድኃኒት እንደ ደዌው ዓይነት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ሕክምና ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል።

የዚህ ደዌ ክፋቱ ሕመምን ማብዛቱ አይደለም፤ ሕመምን ማጥፋቱ ነው። ነርቭን ይጎዳል፤ ስለዚህ የታመመው ሰው የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፥ እሾህ ሲወጋው አያውቅም። ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፤ ጣትም የሚጠፋው እንዲህ ነው። እኛ ጤነኞች የምናማርረው ሕመም ለሥጋችን ዘበኛ ኖሯል! የሕክምና ባለሙያዎች ታዲያ ለነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ያስተምሯቸዋል፤ ይኸውም በየቀኑ እጃቸውንና እግራቸውን እያገላበጡ በዓይናቸው እንዲመረምሩ፥ በውኃ ዘፍዝፈውም ቅባት እንዲቀቡ ነው። እጅ ያልተናገረውን ዓይን ይናገረዋል።

ምስጋናም በጽኑ ሕመም ጊዜ እንዲሁ ይመስለኛል። ሕመም የበረታበት ሰው ልቡ ይደነዝዛል፤ መዝሙር አያጽናናውም፥ ጸሎትም ይከብደዋል። ምስጋና አይሰማኝም፥ እንግዲያስ እምነቴ ጠፋ ብሎ በሕመሙ ላይ ሌላ ጭንቀት ይጨምራል። ወገኖቼ ሆይ፥ በዚህ አትጨነቁ። ካልተሰማችሁ ተመልከቱ። ሲመሽ ቀኑን እንደዚያ ሰው እጅ አገላብጣችሁ መርምሩት። ውኃ ያቀበላችሁ ማን ነበር? ጎረቤት ያመጣችው አጥሚት፥ ሕመሙ ጋብ ያለበት ያ ግማሽ ሰዓት፥ በመስኮት የገባው የጧት ፀሐይ፤ ያያችሁትን በስሙ ጥሩት። ያ ምስጋና ነው። ስሜቱ በኋላ ቢመጣ መልካም፤ ባይመጣም የቀረበው ምስጋና ከንቱ አይሆንም። ሳምራዊውም የተመለሰው መፈወሱን ባየ ጊዜ ነው ይላል ወንጌሉ። ዘጠኙም ነጽተዋል፤ እርሱ ግን አየ።

ስለ ደዌው አመስግኑ ማለቴ አይደለም። ጥቅምት 14 ቀን የምናስበው ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ የንጉሥ ልጅ ሲሆን፥ ሰው እንዳያውቀው መልኩን የሚለውጥ ደዌ ለምኖ በአባቱ ደጅ እንደ ወደቀ ገድሉ ይነግረናል። ይህ የጥቂቶች መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ቀንዲል ሕሙማንን ስትቀባ የምትለምነው ፈውስን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ ጻድቁ ኢዮብም ባመሰገነበት አፍ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። እንግዲህ መድኃኒት መዋጥ ምስጋናን አያጎድልም፤ ማልቀስም አያጎድለውም።

ደግሞም አመስግን የሚለውን ቃል በሌላው ላይ ለመጫን አንቸኩል። በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ፥ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ወደዚያ የሐዘን ድንኳን ገብቶ አመስግኑ ማለት ድፍረት ይሆን ነበር። የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፥ ሰባት ቀን ከእርሱ ጋራ በመሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ነው። ምስጋናን ለራሳችን እናስተምር፤ ለታመመው ውኃውን እናቅርብለት፥ አልጋውን እናንጥፍለት።

ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የተሰቀለበት ቦታ ስም ነው። ጌታችን ወደዚያ ከመውጣቱ አስቀድሞ፥ አልፎ በተሰጠባት በዚያች ሌሊት፥ ኅብስቱን አንሥቶ አመሰገነ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የቍርባኑን ጸሎት አኰቴተ ቍርባን ትለዋለች፤ አኰቴት በግእዝ ምስጋና ማለት ነውና። በማግሥቱም በመስቀል ላይ ሆኖ በታላቅ ድምፅ ጮኸ። ሌሊት ያመሰገነውና በቀን የጮኸው አንዱ እርሱ ነው። በአልጋ ላይ ያላችሁ ወገኖቻችን፥ በዚህች ሌሊት መጮኽ ቢያሻችሁ ወደ እርሱ ጩኹ፤ ጩኸቱን ያውቀዋል።

እርሱ በምሕረቱ ይጎብኛችሁ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።