ትልቁ ጨርቅ አይሸጥ

እህቶቼ፣ ንግግር አልችልበትም፤ ግን ባለፈው እሑድ በጥልፉ ጨርቅ የተጨቃጨቅነው ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ስለከረመ ልናገር።

ገዢ መጥቷል። የታመመች እህት አለችን፣ ሣጥናችንም ባዶ ነው፣ አውቃለሁ። ሰውየው ግን «ሁሉም ቁራጭ አንድ ዓይነት መስቀል ይሁን፣ የተደባለቀው ፈታችሁ አስተካክሉት» ብሏል። እኔ እምቢ ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ጥበብ ሸማኔው ከድሩ ጋር የሚሠራው ነው። ጥልፍ ግን መርፌና ክር ካለሽ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለሽም ይሠራል። እናቴ የትራስ ልብስ ላይ ጣዎስና አበባ ትጠልፍ ነበር፣ ከሥሩ «መልካም እንቅልፍ»። እሷ ስላልተማረች ፊደሉን በእርሳስ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። አንዴ «ን»ን ዘለልኩና «መልካም እቅልፍ» ሆኖ ቀረ። ለትልቁ ጨርቅ የጠለፍኩት እሱኑ ነው፣ ከነስህተቱ። እሱን ፍቺው ነው የተባልኩት!

የምሠራበት ቤት ግድግዳ ላይ የፍልስጤም ጥልፍ ተሰቅሏል፤ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። ታትሪዝ ይሉታል። ድሮ የየአካባቢው ጥልፍ ይለያይ ስለነበር ሴትዮዋ ከየት እንደሆነች ከቀሚሷ ይታወቅ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 ዩኔስኮ መዝግቦታል። እዚሁ ሊባኖስ፣ በካምፕ ያሉት ሴቶች ከ1969 ጀምሮ ኢናሽ በሚባል ማኅበር በኩል እየጠለፉ ገንዘብ ያገኛሉ። ስለዚህ መሸጥ ነውር ነው አላልኩም። መስቀሉን በትራስ ልብስና በጠረጴዛ ጨርቅ እንሥራለት፤ እኔ ሁለት እሠራለሁ፣ ገንዘቡ ለታመመችው ይሁን። ትልቁ ግን ይቅር።

ደግሞ ገና አላለቀም። አራተኛ ፎቅ ያለችውን ልጅ ታውቋታላችሁ፤ እሑድም አትወጣም። ጨርቅና ክሩን የላክንላት ከበረንዳ በገመድ በምታወርደው ቅርጫት፣ ከዳቦው ሥር አድርገን ነው። «የአያቴን ሞሰብ ነው የምጠልፈው» ብላለች። በሦስተኛው ረድፍ ቦታዋ ባዶውን ነው። ከሸጥነው የሷን የት ልንሰፋው ነው?

በዚያ በኩል የምታልፉ ቅርጫቱን እያያችሁ። ቀይ ክሯም አልቋል መሰለኝ፣ ሁለት ጥቅል ይላክላት።