ውርደቱ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የማነሣላችሁ አንድ ቃል ነው፤ እርሱም «ውርደት» የሚለው ነው። ቃሉ «ወረደ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ሰው ራሱ ዝቅ ሲል «ተዋረደ»፣ ሌላው ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ «አዋረደው» እንላለን። ተቃራኒው ክብር ነው። «ከበረ» ስንል ግን ታፈረ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ሀብታም ሆነ ማለታችንም ነው። ከዚህ የተነሣ ኪሱ የጎደለ ሰው ክብሩም የጎደለ ይመስለናል።

ውድ አንባቢ፤ ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል መጥራታችን ነው። አንደኛው ሰው አውቆ የሚሠራው ነውር ነው። ሁለተኛው ሳያስበው የሚደርስበት ችግር ነው። ሦስተኛው ሌሎች የሚፈጽሙበት በደል ነው። ሦስቱንም «ተዋረደ» ብለን እናልፋለን።

ከሠፈራችን ብዙም ሳንርቅ፣ መርካቶ ላይ አንድ ነጋዴ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ጽፎ ሰጠ እንበል። ባንኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ብሎ መለሰው። ይህ በገበያው ቋንቋ ደረቅ ቼክ ነው፤ በወንጀል ሕጉም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። የሰው አደራ ስለበላ ነውሩ በእርግጥ የራሱ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ሱቁ ተቃጥሎበት ዕዳ ውስጥ ገባ እንበል። እርሱ የሠራው ነውር የለም። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይን አይተን፣ በሁለቱም በር ስናልፍ ፊታችንን እናዞራለን። የመጀመሪያው ዕዳውን እንዲከፍል መገሠጽ፣ ሁለተኛው እንዲያገግም መደገፍ ሲገባን፣ ሁለቱንም በሐሜት እኩል እናደርጋቸዋለን።

ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው። በአገራችን ልጃገረድ ስትጠለፍ «ቤተሰቡ ተዋረደ» ይባል ነበር። ውርደቱን ለመሸፈን ሲባል ሽማግሌ ተልኮ ልጅቱ ለጠላፊዋ ትዳር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው ካገባት ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። ዛሬ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። ሕጉ ጥፋቱን ወደ ሠሪው መልሶታል። ምላሳችን ግን ገና አልመለሰውም። ልጅቱ ቤቷ ስትገባ፣ በቡና ላይ የሚነሣው የጠላፊው ስም ነው ወይስ የእርሷ?

እኛ ሙስሊሞች ይህን ለመማር 1997 ዓ.ምን መጠበቅ አልነበረብንም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከጉዞ ላይ የአንገት ሐብሏን ስትፈልግ ከጓዙ ተለይታ ቀረች። በዚህም ሐሰተኛ ወሬ ተነዛባትና ለአንድ ወር ያህል መዲና በወሬው ታመሰች። በሱረቱ አን-ኑር ከ11ኛው አንቀጽ ጀምሮ የወረደው የአላህ ቃል ንጹሕነቷን አረጋገጠ፤ ወቀሳውንም ወሬውን ባወጡትና ተቀብለው ባዛመቱት ላይ አደረገ። በዚያው ሱራ፣ ንጹሕ ሴትን በዝሙት ከስሶ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ጅራፍ እንዲገረፍና ምስክርነቱም እንዳይታመን ተደንግጓል። እንግዲህ ክብሩን ያጣው የተወራበት ሳይሆን ያወራው ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ይህን በማኅበር አይተነዋል። በቀድሞው ሥርዓት ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ ከመባል ይልቅ «በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም» ይባል ነበር። በገዛ አገሩ እንግዳ የሚያደርግ፣ በስም የሚያዋርድ አጠራር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ እኩልነት ይከበር ብሎ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰለፉ። ሠፈራችን ስሙን ከቤተ ክርስቲያን የወሰደ፣ ሁለቱ እምነቶች በር ለበር የሚኖሩበት ነውና ይህን ልብ እንበል። እነዚያ ክርስቲያኖች የጎረቤታቸው መናቅ የእነርሱ መጉደል መሆኑን ተረድተው ነበር። ሙስሊሙ በዚያ ስም ሲጠራ ኖሮ አልተዋረደም፤ የተዋረደው አጠራሩ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፤ «እገሌ ተዋረደ» ከማለትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ አድርጎ ነው ወይስ ተደርጎበት? አድርጎ ከሆነ ለብቻው ምከረው። ደርሶበት ከሆነ እጅህን ዘርጋለት። ተደርጎበት ከሆነ ከጎኑ ቁም፤ በደለኛውንም በስሙ ጥራ። አንቺም እህቴ፣ ያ የተጎዳ ቤት በርሽ አጠገብ ከሆነ ወሬው ሳይቀድምሽ ገብተሽ ጠይቂያት። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለዋል። የሰው ስም በእጃችን ያለ አደራ ነው፤ አደራ የበላ ደግሞ ያው ደረቅ ቼክ እንደሰጠው ነጋዴ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከሰው ክብር ይጠብቅልን፤ የተበደለውን የምንደግፍ ያድርገን። አሚን።