ጽጌረዳውን ሳንገፍፍ እቅፍ አበባ ስለ ማዘጋጀት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የይፋግ የሠፈራችን ነዋሪዎች፤

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ነገር ግን ጎረቤት ያስቀየመ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን ከሩቅ አገር የመጡትን የሠፈራችንን ልጆች በአበባ እንቀበል ብለን ሕፃናትን ላክን። እነሱም የአንዲት እናታችንን ጽጌረዳ ከነእንቡጡ ገፍፈውት መጡ። እንዲያም ሆኖ እቅፉ የሣሣ ነበር። መስከረም 26 ቀን ወርኃ ጽጌ ሲገባ እማማ ለቤተ ክርስቲያን የሚወስዱት አንድ አበባ እንኳ አጡ። ቃል አልተናገሩም፤ ግን ቡና መጥራታቸውን ተዉ። ጥፋቱ የኛ የላኪዎቹ ነው።

እንግዲህ የአንድ ጊቢ ጽጌረዳ በአንድ ጊዜ ብዙ አያብብም። ስለዚህ ከአበባው ቀንሰን ቅጠል እንጨምር። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫውን ከአደይ አበባ ጋር ሲጎነጉኑት ኖረዋል። በውጭ አገርም አበባ ሻጮች የባሕር ዛፍ ቅጠል በገንዘብ ገዝተው ከጽጌረዳ ጋር ያስሩታል። እኛ ግን ከደጃችን አናጣውም።

ለአንድ እቅፍ ከ3 እስከ 5 ጽጌረዳ ይበቃል። ዙሪያውን እነዚህን ማድረግ ይቻላል፦

1ኛ/ አደስ። ቅጠሉ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይጠወልግም፤ ሽታውም ደስ ይላል።
2ኛ/ እንስላል። ቅጠሉ እንደ ፀጉር የረቀቀ ስለሆነ በአበቦቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይሞላል።
3ኛ/ ያበበ በሶብላ። ለመዓዛው።
4ኛ/ የነጭ ባሕር ዛፍ ቡቃያ። ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉ ክብና አመድማ ነው፤ ከቀይ ጽጌረዳ ጋር ያምራል። ወደ ደብረ ታቦር ደጋ የሚወጣ ሰው ይዞልን ይምጣ።
5ኛ/ የቀጋ ቅርንጫፍ ከነቀይ ፍሬው። ቀጋ ራሱ የጽጌረዳ ወገን ነው። እሾሁን ግን አስቀድሞ መላጨት ነው።

ጥንቃቄም አለ። ጤና አዳም ያምራል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላልና እጅን ወዲያው መታጠብ ያስፈልጋል። ቅንጭብና ቁልቋል ግን ፈጽሞ አይነኩ። ወተታቸው ዓይን ይጎዳል። በተለይ ለልጆች ይነገር።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። ጽጌረዳ የሚቆረጠው ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ ነው፤ እንቡጡ መፈታት ሲጀምር። ባለ አምስት ቅጠሉን ዘንግ ፈልጎ ከሱ ከፍ ብሎ በሰላ ቢላዋ አግድም ሳይሆን ሸርተት አድርጎ መቁረጥ ነው። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከዚያ ነውና። ውሃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ሁሉ ይርገፍ፤ አለበለዚያ ይበሰብስና ውሃውን ያገማዋል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። በመጀመሪያ ቅጠሉን አሰናድቶ፣ ጽጌረዳውን መካከል አስገብቶ፣ በቃጫ ማሰር ነው፤ አለቀ።

በመጨረሻም በኮሚቴው ስም የምናሳስበው፦ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አንድም አበባ አይቆረጥ። ከአንድ ተክል ላይም ከሲሶው በላይ አይወሰድ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጽጌረዳ ያለን ሁሉ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ዘንግ አንድ አንድ ይዘን እማማ ደጅ እንገናኝ። ግማሹን አፈር አልብሰን እንተክልላቸዋለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን። ቡናውን እሳቸው ያውቃሉ።