አርኩ ከመለኮሱ በፊት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በኤሌክትሮድ ሲበይድ የኖረ ባለሙያ ወደ ሽቦ መጋቢው መሣሪያ ሲዛወር፥ እጁ የለመደውን ሁሉ ይዞ ይሻገራል። አብዛኛው ልማድ ይጠቅመዋል፤ ጥቂቱ ግን ይጎዳዋል። የኤሌክትሮድ መያዣ መሣሪያው እስከበራ ድረስ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በያጁ ስለሚያውቅ ይጠነቀቀዋል። የሽቦ መጋቢው ሽቦ ግን ቃታው እስኪሳብ ድረስ ብዙውን ጊዜ ዝም ያለ ነው፤ ይኸው ዝምታ ያዘናጋል። ቃታው በተሳበበት ቅጽበት የሽቦው ጫፍ ብቻ ሳይሆን መዘውሮቹና ጥቅሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ።

ይህ የብየዳ ዘዴ እ.አ.አ. በ1948 በአሜሪካ፥ ኮለምበስ ኦሃዮ በሚገኘው የባቴል የምርምር ተቋም ተሠርቶ የወጣ ሲሆን፥ በመጀመሪያ በአልሙኒየምና በመሰሎቹ ላይ ይሠራበት ነበር። መከላከያ ጋዙ ውድ ስለነበረ ከተራው ብረት ሠራተኛ ዘንድ የደረሰው በ1953 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀመረው መሣሪያው ጠፍቶ ከሶኬቱ በተነቀለበት ጊዜ ነው። የጥቅሉ ጫፍ ሲፈታ በእጅ መያዝ አለበት፤ ከተለቀቀ ተፈናጥሮ ይተረተራል። የታጠፈው ጫፍ በፒንሳ ይቆረጣል። የመዘውሩ ጎድጎድና ሽቦው የሚወጣባት የመዳብ ጫፍ ከሽቦው ውፍረት ጋር መስማማት ይኖርባቸዋል፤ 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ በ1.0 ጎድጎድ ውስጥ ይንሸራተታል። መዘውሩ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ሽቦውን ይጨፈልቀዋል፤ ሽቦውም መውጫ ሲያጣ ከመዘውሩ ዘንድ ተወሳስቦ ይከመራል።

ከዚያም ኃይል ተሰጥቶ ሽቦው በኬብሉ ውስጥ እንዲያልፍ ቃታው ይሳባል። ቃታና አፈ ሙዝ ያለው መሣሪያ እንደ ጠመንጃ መያዝ ይገባዋል። «ሽቦው ደረሰ ወይ?» ብሎ ወደ አፈ ሙዙ የሚመለከት ሰው ዓይኑን፥ መዳፉን የሚደቅን ደግሞ እጁን ለሚወረወር ሽቦ ያቀርባል።

የመሬት ገመዱ (ማሳው) ቀለምና ዝገት በተነሣለት ባዶ ብረት ላይ፥ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል። የኩሽኔታ መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ኩሽኔታውን ያበላሻል። በጋዝ ለሚሠራበት ጠጣር ሽቦ የአፈ ሙዙ ኬብል ከፖዘቲቭ ይያያዛል፤ ያለ ጋዝ የሚበየድበት ዱቄት አዘል ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኔጋቲቭ ነውና የፋብሪካው መመሪያ ይነበባል።

የጋዙ ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ይታሰራል። ሬጉሌተሩ ከመግጠሙ በፊት በያጁ ወደ ጎን ቆሞ ቫልቩን ለቅጽበት ከፍቶ አቧራውን ያስወጣል። በቤት ውስጥ ሥራ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚበቃ ፍሰት ነው። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ስለሆነ፥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጌጁ 57 ባር ያህል እያሳየ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ አይወርድም። የቀረውን ለማወቅ ሲሊንደሩን መመዘን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ከማጽጃው ጠርሙስ ሊመጣ ይችላል። ቅባት ለማስለቀቅ የሚውሉ አንዳንድ ፈሳሾች፥ ለፍሬን ማጽጃ የሚሸጡ ጥቂቶችም ጭምር፥ ክሎሪን አለባቸው። ትነታቸው በአርኩ ሙቀትና ጨረር ወደ ፎስጂን ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን የፈጀ ጋዝ ነው። ተንኮሉም መዘግየቱ ነው፤ የተመረዘው ሰው ደህና መስሎት ቤቱ ገብቶ፥ ሳንባው ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብረቱ ክሎሪን በሌለበት ማጽጃ ተጠርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ ያሻል፤ የተከፈተ ዕቃም በአካባቢው አይቀመጥም።

ጭሱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 የብየዳን ጭስ ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። አየር ማስወጫው ከአርኩ በፊት ይበራል። በታንክ ውስጥ ደግሞ መከላከያ ጋዙ አየሩን ገፍቶ ሰውን ሳያስነቅ ይጥላል፤ ሊያወጣው ተከትሎ የሚገባው ጓደኛውም አብሮ ይወድቃል።

የሚቃጠል ነገር ተነሥቶ፥ የእሳት ማጥፊያው ቀርቦ፥ ማስክና ደረቅ የቆዳ ጓንት ከተደረገ በኋላ በቁርጥራጭ ላሜራ ላይ ይሞከራል። በቀጭን ላሜራ ላይ የሚጠበስ ነገር የመሰለ ያልተቆራረጠ ድምፅ ከተሰማ ልኩ ደርሷል። ሽቦው ብረቱን እየመታ እጅን ወደ ኋላ ከገፋ የሽቦው ፍጥነት ይቀነስና ሙከራው ይደገማል።