ወይዘሮ ዘሚ የከፈቱት በር

ጎህ ሲቀድ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ጀርባቸው በባሕር ዛፍ ጭራሮ ጎብጧል። ልጅ ጨምረው ያዘሉም አሉ። እናት ሸክሟን ከመንገደኛ ዓይን ሳትደብቅ ትሄዳለች።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይደበቃል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ ጎረቤት "እርግማን ነው" ይላል፤ እናት ደግሞ "ምን በድዬ ይሆን?" እያለች ሌሊቱን ታነጋለች።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይህን ጭንቀት በራሳቸው ቤት ኖረውታል። ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ እንደ እኩዮቹ አልተናገረም፤ የሚይዘው ትምህርት ቤትም አልተገኘም።

እሳቸው ግን ልጃቸውን አልደበቁም። በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ተከፈተ። ከፊደላችን ድምፆች ተነስተውም ልጆቹን ማስተማሪያ ዘዴ ቀመሩ። አንዲት ፊደል፣ አንድ ድምፅ፣ እንደገና፣ ነገም እንደገና። እናት ልጇን ወደ ራሷ ቋንቋ ከመጎተት ይልቅ እሱ ወዳለበት ለመሄዷ ከዚህ የበለጠ ምን ማሳያ ይገኛል?

ወይዘሮ ዘሚ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ። ዛሬ ጠዋትም አንዲት እናት እሳቸው በከፈቱት በር ልታስገባው የልጇን ጫማ እያሰረች ነው፤ ልጁ ዓይን ዓይኗን አያያትም፤ እጇን ግን ይዟል።